ጤዛው በቀትር የማይደርቅ ቅጠል

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ችግኝ ማፍላት ነው።

ዝናብ ከዓመቱ ዘጠኙን ወር በማይጠፋበት በደቡብ ምዕራብ አገራችን፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳርቻ፣ የአንድ ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነበር። በሥራው ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቷል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ሁሉም በእጁ አልፈዋል። ስሙ ምናሴ ነው፤ የአካባቢው ሰው ጋሽ ምናሴ ይለዋል።

ጋሽ ምናሴ የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው። አፈር ያውቃል። ከመደቡ አንድ እፍኝ ያነሣል፣ ጨበጥ ያደርገዋል፣ ያሸተዋል፤ ከዚያ አሸዋ ይጎድለዋል ወይም ፍግ አንሶታል ይላል። የተባለው ይጨመራል። ችግኙም ይጸድቃል። በጣቢያው የሚሠሩት ሴቶች፣ ጋሽ ምናሴ የመጥረጊያ እንጨት ቢተክል ቅጠል ታወጣለች እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ቀልዱን አይጠላውም።

ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው በማያውቀው ነገር ነው ወይስ በሚያውቀው? መልሱን አሁን አትንገሩኝ። ታሪኩን እንቀጥል።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ አንድ ረግረግ ነበር። በረግረጉ ላይ መንገድ ሊያልፍ ነው ተባለና ውሃውን የሚያፋስስ ቦይ ተቆፈረ። ረግረጉ ደርቆ ሳያልቅ ትርሲት የምትባል አንዲት ወጣት የዕፅዋት ተመራማሪ መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ቦት ጫማዋን አድርጋ ጭቃው ውስጥ ስትመላለስ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን አሥራ ሁለት ትንንሽ ተክሎች ከነአፈራቸው በሳፋ ይዛ ወደ ጣቢያው ገባች።

ጋሽ ምናሴ ሳፋውን አይቶ ሳቁ መጣበት። ዝግባ የሚያሳድግ ሰው ነው፤ እነዚህ ግን አንዷም ከሕፃን መዳፍ አትሰፋም። መሬት ላይ ልጥፍ ብለዋል። ቅጠሎቻቸው ትንንሽ ማንኪያ ይመስላሉ። በየማንኪያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቀያይ ክሮች ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ክር ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት የጠራች ጠብታ አለች። ቀትር ነበር። የሣሩ ጤዛ ከደረቀ ብዙ ሰዓት አልፎታል። የእነሱ ግን አልደረቀም።

ትርሲት አደራዋን ነገረችው። በዚያ አካባቢ ከዚያ ረግረግ በቀር እነዚህ ተክሎች በሌላ ቦታ አልተገኙም። ከወንዙ ማዶ ሌላ ረግረግ ታይቷል፤ ግን እስኪፈቀድና እስኪታጠር ድረስ ክረምቱ ማለፍ አለበት። እስከዚያው እሱ ጋ ይቆዩ። በራሳቸው አፈር ይሁኑ፣ ፀሐይ ያግኙ፣ የዝናብ ውሃ ብቻ ይጠጡ። የሚበሉት ነፍሳት ስለሆነ ሌላ ምግብ አይሰጣቸው። እነዚህ ከሞቱ፣ አለችው፣ በዚህ አካባቢ ዘራቸው አለቀ ማለት ነው።

ጋሽ ምናሴ በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ ሰማት። ስትሄድ ሸኛት። ተመለሰና ከሳፋው አንድ እፍኝ አፈር አንሥቶ አሸተተ።

አፈሩ ባዶ ነበር። ውሃ እንጂ ሌላ ምንም የሌለበት፣ ቢጨምቁት የሚያለቅስ፣ ቢያሸቱት ኮምጠጥ የሚል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ድሃ አፈር እጁ ገብቶ አያውቅም። በዚህ ላይ ማንም ሊኖር አይችልም አለ። ትንኝ ይበላሉ የተባለውንም ከወጣቶች የመጽሐፍ ወሬ ቆጠረው።

ታዲያ ምን አደረገ? የሚወድ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ከጫካ ጥቁር አፈር አስመጣ። በደንብ የበሰለ ፍግ በወንፊት ነፋ። ሁለቱን በእጁ ቀላቅሎ አሥራ ሁለቱን በየፕላስቲካቸው ተከላቸው። ፀሐይ እንዳታቃጥላቸው ከጥላ ሥር አኖራቸው። ከጉድጓዱ ውሃ ጠዋትና ማታ አጠጣቸው። ለዝግባ ያደርግ የነበረውን ሁሉ ሳያጓድል አደረገላቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ላይ ትንኞች ተጣብቀው አየ። አንዳንዱ ቅጠል ትንኟን ይዞ እንደ ቡጢ ተጠቅልሏል። ችግኝ የሚያፈላ ሰው የተጠቀለለ ቅጠል ሲያይ ምን ይላል? በሽታ ነው ይላል። ነፍሳት ሲያይስ? ተባይ ነው ይላል። ጋሽ ምናሴም ተባይ ነው አለ። ወረንጦ አመጣ። መነጽሩን አደረገ። ትንኞቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው። ቅጠሎቹን በንጹሕ ውሃ አጠባቸው። ጠብታቸው አብሮ ታጠበ። ከዚያ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ የተዘፈዘፈ ውሃ ረጫቸው፤ የጣቢያው የታወቀ የተባይ መድኃኒት ነው።

በየማለዳው እንዲሁ። አጎንብሶ ይለቅማል፣ ያጥባል፣ ይረጫል። ሴቶቹ ሠራተኞች ለልጆቹ እንኳ እንዲህ አልሆነም እያሉ ያሙታል።

ተክሎቹ መሞት ጀመሩ።

መጀመሪያ ሁለት። ከዚያ አራት። ሥራቸው ጠቁሮ፣ ቅጠላቸው ላሽቆ። ጋሽ ምናሴ ፍግ ጨመረ። ሌላ ሦስት ሞቱ። ትርሲት በስልክ እንዴት ናቸው ብላ ስትጠይቀው ደህና ናቸው አላት። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ችግኝ ዋሽቶ አያውቅም። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሦስት ብቻ ቀሩ። እነሱም ጠብታ የሌላቸው፣ የገረጡ፣ ወደ ጎን የተኙ።

አንድ ሰው በሚችለው ሁሉ እየተንከባከበ፣ የሚንከባከበው ነገር በእጁ ሲሞትበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚህ የከፋ ድካም የለም። ሰነፍ ብሆን ኖሮ ጥፋቴን አውቀው ነበር ይላል። እኔ ግን አልተኛሁም፤ ታዲያ ምን አጎደልኩ?

በዚያው ሰሞን እማማ ሽታዬ ወደ ጣቢያው መጡ። እማማ ሽታዬ ከዚያ ረግረግ ደንገል እያጨዱ ምንጣፍ የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ እግራቸው ከዚያ ውሃ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ረግረጉ እየደረቀ ስለሆነ፣ በደጃቸው ባለው ምንጭ ዳር የሚተክሉት የደንገል ችግኝ ቢገኝ ብለው ነው የመጡት። ጋሽ ምናሴ ደንገሉን ሊያመጣላቸው ሲሄድ እሳቸው ወደ ጥላው ገቡ። ሲመለስ ሦስቱ ተክሎች ላይ ጎንበስ ብለው አገኛቸው።

ምን አጎረስካቸው ብለው ጠየቁት። እሱም የጫካውን አፈር፣ የተነፋውን ፍግ፣ ጥላውን፣ የጉድጓዱን ውሃ አንድ ሳያስቀር ነገራቸው።

"አንተ ሰው፣ መናኝ ይዘህ ሰርግ ቤት ገብተሃል" አሉት።

ጋሽ ምናሴ አልሳቀም። እየሞቱብኝ ነው እማማ አለ። ትንኝ ወርሯቸዋል፤ በየማለዳው በወረንጦ እለቅማለሁ፣ አላቆም አለኝ አለ።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏቸው ነበር። አለመቀለዱን ሲያዩ መደርደሪያውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ከአፏ ነጥቀህ ነዋ" አሉ፣ ሳቃቸው ሲበርድ። "ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ ውላ ያገኘቻትን አንዲት ጉርሻ።"

"እኔኮ አፈር አውቃለሁ እማማ።"

"አፈርማ ታውቃለህ። እሷን መቼ ጠየቅሃት?"

ከዚያ ቁጭ አሉና ያዩትን ነገሩት። እኔም ያሉትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የዛሬው ስብከቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ደንገል የሚያጭድ ሰው ወገቡ ሲደክም ጉቶ ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ዓይኑ መሬት ላይ ያርፋል። እማማ ሽታዬ ይህችን ተክል ያወቋት እንዲህ እያረፉ ነው። ስም አያውቁላትም። ሌላው ጤዛ ሁሉ ሲደርቅ የሷ ለምን እንደማይደርቅ ግን ሃምሳ ዓመት አይተዋል። ጤዛ አይደለማ። ራሷ ያወጣችው ነው። በፀሐይ ያበራል። ትንኟ ከሩቅ ታየዋለች፤ ውሃ ነው ወይም ማር ነው ብላ ትወርዳለች። አንድ እግሯ ይነካል። ይያዛል። ያንን ለማላቀቅ በሌላው ትገፋለች፤ ሌላውም ይያዛል። በታገለች ቁጥር በዙሪያ ያሉት ክሮች ይሰማሉ። ተክል ናቸው፣ ዓይን የላቸውም፣ ጆሮ የላቸውም፤ ግን ይሰማሉ፤ ቀስ ብለው ወደ እሷ ያዘነብላሉ። ጉቶው ላይ ተቀምጦ አንድ ነዶ አስሮ የሚጨርስ ሰው፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ክሮቹ ጎንበስ ብለው ያያቸዋል። ሲመሽ ቅጠሉ ራሱ ይታጠፋል። ከቀናት በኋላ ቅጠሉ ሲዘረጋ የትንኟ ባዶ ልብስ ብቻ ይቀራል፤ ያንን ነፋስ ይወስደዋል። ቅጠሉም እንደገና ያበራል።

ለምን? ለምን እንዲህ ሆነች? ያ ረግረግ ሥር የሚመገበው ነገር የለውም። ውሃ አለው፤ ምግብ የለውም። በዚያ ላይ የተዘራ በቆሎ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ይህች ትንሽ ፍጥረት ግን ሥሯ ያላገኘውን በቅጠሏ ታገኛለች። ከታች የተከለከለችውን ከላይ ትቀበላለች። ሥሯ ለመቆሚያና ለመጠጫ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው በፍግ ላይ ስትተከል የሚቃጠለው። ወፍራም ምግብ ሥሯ አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩለት፤ እኔን ከሁሉ የገረመኝ እሱ ነው። ስታብብ አበባዋን ከቅጠሏ አጠገብ አታደርገውም። ቀጭን ዘንግ ታወጣለች፤ ከአንድ ስንዝር በላይ። አበባው እዚያ ጫፍ ላይ ነው፣ ከወጥመዷ ርቆ። ንብ ትመጣለች፣ ትቀስማለች፣ በሰላም ትሄዳለች። ተክሏ የምትመገበውን በታች ትይዛለች፤ ዘሯን የሚያደርስላትን እንግዳ ግን በላይ አስተናግዳ ትሸኛለች። ማን አስተማራት ወገኖቼ? ከኛ መካከል ጥቅሙንና ወዳጁን በሁለት የተለያየ ቦታ ማስቀመጥ የሚችል ስንት አለ?

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የምትጠብቁትን አውቃለሁ። ያቺ የምታበራ ጠብታ ኃጢአት ናት፣ ትንኟ አንተ ነህ፣ እንድል ትጠብቃላችሁ። እውነት ነው፣ ለትንኝ የሚሰበክ ስብከትም አለ። ሁሉ በደረቀበት ሰዓት ብቻውን የሚያበራ ነገር ስታዩ ቆም ብላችሁ ለምን በሉ። ይህን ብቻ ልበልና ልለፈው፤ እማማ ሽታዬ ያዩት በትንኟ ዓይን አልነበረም። እሳቸው ሃምሳ ዓመት የተደነቁት በድሃ መሬት ላይ ቆሞ በሚያበራው ነገር ነው።

ወደ ጋሽ ምናሴ እንመለስ።

እማማ ሽታዬ ተናግረው ሲጨርሱ ስልኩን አወጣ። እሳቸው ፊት ደወለ።

"ትርሲት ልጄ፣ ደህና ናቸው ያልኩሽ ውሸት ነው" አለ። "ዘጠኙን ገድያለሁ። ሦስት ቀርተዋል።"

የጫካውን አፈርና ፍጉን ነገራት። ከዚያ ልጅቷ እንዴት ሞቱ ብላ አልጠየቀችም፤ አፈሩን ስትሰማ ገብቷታል። ሦስቱን ዛሬውኑ ከፍጉ እንዲያወጣቸው ነገረችው። አልተቆጣችም። ለጋሽ ምናሴ ቁጣዋ በቀለለው ነበር።

በዚያው ቀን ሁለቱ፣ እሱና እማማ ሽታዬ፣ ወደ ተረፈው የረግረጉ ጫፍ ሄዱ። ረግረጉን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍነውን፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዘውን ለስላሳ ሽበትና ያንን ኮምጣጣ ባዶ አፈር በሳፋ አመጡ። የሦስቱን ሥር በዝናብ ውሃ አጥቦ ተከላቸው። ከጥላው አውጥቶ ፀሐይ ላይ አኖራቸው። ከጣራው አሸንዳ ሥር ባልዲ ደቀነ። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር።

ከባዱ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ምንም አለማድረግ።

ከሦስቱ አንዷ በዚያው ሳምንት ሞተች። ሁለቱ ቀሩ። ጋሽ ምናሴ በየማለዳው በርጩማውን አምጥቶ ከፊታቸው ይቀመጣል። ወር ሞላ። አንድ ጠዋት ከመካከል አዲስ ቅጠል ተፈታ፤ ከጥፍር ያነሰ። በክሮቹ ጫፍ ላይ ጠብታ ነበር። ከረፋዱ ላይ አንዲት ትንኝ መጣች፣ ዞረች፣ አረፈች። ተያዘች። መታገል ጀመረች።

የጋሽ ምናሴ እጅ ሄደ። እሱ አላዘዘውም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ እጅ ነው፤ በቅጠል ላይ ነፍሳት ሲያይ ራሱ ይሄዳል። ጣቶቹ ከቅጠሉ አንድ ጋት ሲቀራቸው በግራ እጁ የቀኝ አንጓውን ያዘ። እንደዚያ ይዞት ቆየ። ከሠራተኞቹ አንዷ ስታልፍ አይታ ምን ሆንክ አመመህ ወይ አለችው። ዝም በይ አላት። ክሮቹ ሲያዘነብሉ እያየ ነበር። አንደኛው። ቀጥሎ ያለው። ከዚያ ወዲያ ያሉት። በሕይወቱ ብዙ ተክል አሳድጓል፤ አንዱ ተክል ሲበላ ግን ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም። በዚያች ጠዋት ሥራ ሁሉ ተረስቶ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተቀመጠ።

ሁለቱ ዳኑ። ክረምቱ ሲወጣ አንዷ ቀጭን ዘንግ አወጣች፤ ትንሽ ሐምራዊ አበባ አበበች። ዘሯ እንደ ብናኝ ነው። ትርሲት መጥታ በነጭ ወረቀት ላይ ተቀበለችው፤ እሷ፣ ጋሽ ምናሴና እማማ ሽታዬ እስትንፋሳቸው እንዳይበትነው አፋቸውን ይዘው ቆሙ። ከወንዙ ማዶ ባለው ረግረግ ላይ ዘሩት። በሚቀጥለው ዓመት ትርሲት በጉልበቷ ተንበርክካ መቁጠር ጀመረች። ስድሳ ሰባት ላይ ስትደርስ እንባ ዓይኗን ጋረዳትና ቁጥሩ ጠፋባት። ጋሽ ምናሴ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ዘጠኙን እስክሞት አልረሳቸውም አላት። እሷም አይርሷቸው አለችው፤ ከንግዲህ ለሚመጡልዎት ይጠቅማሉ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ስለ ማን ነው?

አባት ሆይ፣ አንተ የቀረብህን ሁሉ ለልጅህ ሰጥተህ፣ ልጅህ ግን ለምን እንደሚጠወልግ ግራ የገባህ፤ ስላንተ ነው። የምትሰጠው መልካም ነው። ለዝግባ መልካም ነው። ልጅህ ግን ዝግባ ባይሆንስ? ዝምታ የሚመግበውን ልጅ ሰው መሃል አስቀምጠኸው፣ ለምን አትጫወትም ብለህ ትቆጣለህ። በእጁ ሠርቶ የሚያበራውን በወረቀት ላይ ትተክለዋለህ። ሲደርቅ ደግሞ ያንኑ ትጨምርለታለህ። በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ዘጠኙም የሞቱት በፍቅር ነው።

እናንተ ሐዘንተኛ ቤት የምትገቡ፣ በሽተኛ የምትጠይቁ፤ ስለናንተም ነው። ያ ሰው ከመከራው ውስጥ በስንት ጥበቃ የያዛት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ምናልባት ለቅሶው ናት። ምናልባት ብቻውን የሚቀመጥባት ሰዓት ናት። እናንተ ገብታችሁ ያቺን ተባይ ናት ብላችሁ ትለቅሙለታላችሁ። በቃ አታልቅስ፣ በቃ ውጣ፣ በቃ እርሳ። መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ምን እንደሚመግበው እዩ። ካልገባችሁ እሱኑ ጠይቁት፤ ስትጠይቁም መልሱን ይዛችሁ አትምጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ ለአንቺ ልናገር የመጣሁት ነገር አለ፤ እዚያ ከኋላ የተቀመጥሽ እህቴ። ለአንተም፣ ከበሩ አጠገብ ያለኸው ወንድሜ። ከድሃ መሬት ነው የበቀልነው ትላላችሁ። ያሳደገን የለም፣ ያስተማረን የለም፣ ሥራችን የሚይዘው ነገር አላገኘም ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔ መሬቱ ለም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ፈጣሪ በዚያ ባዶ መሬት ላይ ባዶ ፍጥረት አላቆመም። ሥር ያጣውን ቅጠል እንዲቀበለው አድርጎ ሠራ። ጠብታዋን ከሌላ አልተበደረችም፤ ከውስጧ ነው ያወጣችው። ከአንዲት ደንገል አጫጅ በቀር ማንም ሳያያት፣ ማንም ስም ሳያወጣላት፣ ሃምሳ ዓመት በቀትር ስታበራ ኖራለች።

ነገ ጠዋት ስትነሡ መሬታችሁ ያው ነው፤ በአንድ ቀን ለም አይሆንም። በዚያው ላይ ቁሙ። ቅጠላችሁን ዘርጉ። ፀሐይ ስትወጣ የሚሆነውን እናያለን። አሜን።